የቤተሰብ ብድር ዋጋው የቱ ላይ ነው?

አንድ የከተማ ደመወዝተኛ ቤተሰብ በአንድ ወር ውስጥ ከአራት ቦታ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ከሰፈሩ ሱቅ ዘይትና ስኳር በዱቤ ይወስዳል፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ተራው ቀድሞ እንዲሰጠው የዕቁቡን ዳኛ ይለምናል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደረው ከደመወዙ ላይ ይቆረጣል፤ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ሲጎድልበት ደግሞ ከስልኩ ጥቂት መቶ ብር ያወጣል። ሁሉም ብድር ነው። ዋጋቸው ሲጠየቅ ግን ሱቁ በዕቃው ዋጋ፣ ዕቁቡ በተራ፣ ማኅበሩ በወለድና በዋስ፣ ስልኩ በአገልግሎት ክፍያ ይመልሳል።

በአገራችን ስለ ብድር የሚደረገው ክርክር ለረጅም ዘመን የወለዱን መጠን ይዞ ኖሯል፤ በዛ ወይስ አነሰ፣ ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ። ይህ ዳሰሳ የብድር መንገዶቹን ከነታሪካቸው፣ በየመንገዱ ላይ የቆሙትን አቋሞችና ለእያንዳንዱ የሚቀርበውን ማስረጃ ይቃኛል። ቅኝቱ በተደጋጋሚ የሚመለሰው ወደ አንድ ነጥብ ነው፤ ቤተሰብ ለብድር ከሚከፍለው ውስጥ ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ ወለድ ተብሎ አይጠራም።

ዕቁብ፣ ዱቤና አራጣ

የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ደንበኞቹ መንግሥትና ነጋዴዎች ነበሩ። ተራው ቤተሰብ ገንዘብ ሲያስፈልገው ወደ ዘመድ፣ ወደ ባለሱቅ፣ ወደ ዕቁብና ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም ይሄዳል። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የመረዳጃ ልማዶች ላይ ጽፈዋል። ደጀኔ አረዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት ዕቁብን፣ ዕድርንና የቁጠባና ብድር ማኅበራትን ጎን ለጎን አስቀምጦ መርምሯል። ሦስቱን ለያይቶ ማየት ይጠቅማል። ዕድር መነሻው ሐዘን ነው፤ አንዳንዱ ለአባላቱ ቢያበድርም ዋና ሥራው ዋስትና መስጠት ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር የተመዘገበ ድርጅት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት ማኅበር ከፈር ቀዳጆቹ ይቆጠራል። ዕቁብ ግን ቁጠባም ብድርም ነው፤ የቱ እንደሆነ የሚወሰነው ዕጣው በሚወጣበት ተራ ነው።

ዕቁብ «ወለድ የለውም» ይባላል። በስም እውነት ነው፤ የዋጋ ንረት ባለበት አገር ግን ሒሳቡ ሌላ ይናገራል። በየወሩ 1,000 ብር የሚጥሉ 12 አባላት አሉ እንበል፤ የዕቃ ዋጋም በዓመት 20 በመቶ ይጨምራል እንበል። የመጀመሪያውን ዕጣ ያገኘው ሰው 12,000 ብር ተቀብሎ እስከ መጨረሻው የሚጥለው ገንዘብ በተቀበለበት ቀን ዋጋ ሲመነዘር 11,050 ብር ገደማ ነው። የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ በመጨረሻው ወር ዋጋ 13,060 ብር የሚያህል ጥሎ የሚያነሣው 12,000 ብር ነው። በቃል ያልተነገረ ወለድ ከኋለኛው ወደ ፊተኛው አልፏል ማለት ነው። ተራ በሚሸጥበት ዕቁብ ውስጥ ይህ የተሸሸገ ዋጋ በአደባባይ ይወጣል፤ የቸኮለው ሰው ከዕጣው ላይ ቆርጦ ለባለተራው ይሰጣል። ያም ሆኖ ዕቁብ የመያዣ ጥያቄን በዋስና በይሉኝታ ስለሚፈታ፣ ሰው ራሱን ለቁጠባ እንዲያስገድድም ስለሚረዳ፣ በገበያ ውስጥም በዋሽንግተን ባሉ ኢትዮጵያውያን መካከልም ባንክ አጠገቡ እያለ አልጠፋም።

አራጣ የዚህ ተቃራኒ ጫፍ ነው። ስሌቱ በወር ስለሚነገር ትንሽ ይመስላል፤ በወር 10 በመቶ የተባለ ብድር ወለዱ በዋናው ላይ እየተደመረ ከሄደ 100 ብሩ በዓመቱ 314 ብር ገደማ ይሆናል። አበዳሪው የሚተማመነው በወለድ ውል አይደለም። ተበዳሪው ከተቀበለው በላይ ተቀበልኩ ብሎ እንዲፈርም፣ የቤት ሽያጭ ውል እንዲጽፍ ወይም ቼክ ፈርሞ እንዲያስቀምጥ ይደረጋል። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣት በራሱ ወንጀል በመሆኑ የፍትሐ ብሔር ዕዳ በወንጀል ክስ ማስፈራሪያ ይታጠራል። የወረቀቱ መጠን ከተሰጠው ገንዘብ ስለሚለይ በፍርድ ቤት አራጣነቱን ማስረዳት ይከብዳል።

ሕጉ የሚለካው ምንድን ነው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ብድርን በሁለት ቁጥሮች አጥሮታል። ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉት ከፍተኛው ወለድ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ መጠኑ በጽሑፍ ካልተወሰነ ደግሞ 9 በመቶ ይታሰባል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ደግሞ አራጣን ያስቀጣል። በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘለል ልዩነት አለ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቁጥሩን ብቻ ይመለከታል። የወንጀሉ ሕግ ከመጠኑ በተጨማሪ አበዳሪው የተበዳሪውን ችግር፣ ጥገኝነት ወይም ልምድ ማጣት መጠቀሚያ ማድረጉን ይጠይቃል። ስለዚህ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ የግለሰብ ብድር ሁሉ በወንጀል አያስጠይቅም።

ባንኮችና የአነስተኛ ብድር ተቋማት በብሔራዊ ባንክ ሥር በራሳቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ የ12 በመቶው ጣሪያ አይይዛቸውም። ለጎረቤቱ በ15 በመቶ ያበደረ ሰው ከሕግ ውጭ ሲሆን በዚያው መጠን ወይም ከዚያ በላይ ያበደረ ባለፈቃድ ተቋም ሕጋዊ ነው። ይህን ልዩነት የሚደግፉ ሰዎች ተቋሙ ቁጥጥር እንዳለበትና ውሉ ግልጽ እንደሆነ ያስታውሳሉ። የሚተቹት ደግሞ ተበዳሪው ቤት የሚደርሰው ሸክም በአበዳሪው ፈቃድ እንደማይቀል ይናገራሉ። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው፤ አንዱ የሚናገረው ስለ አበዳሪው ተጠያቂነት፣ ሌላው ስለ ተበዳሪው አቅም ነው።

ባንክ ለማን ያበድራል?

በ1967 ዓ.ም. ባንኮች ተወረሱ። በ1986 የወጣው አዋጅ ለኢትዮጵያውያን የግል ባለሀብቶች በሩን ሲከፍት አዋሽ ባንክ በማግሥቱ ዓመት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የባንኮቹ ቁጥርና ቅርንጫፍ በብዙ እጥፍ አድጓል። በዓለም ባንክ የፊንዴክስ ጥናት መሠረት ሒሳብ ያላቸው አዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከ100 ሰዎች 22 ነበሩ፤ በ2022 ደግሞ 46 ደረሱ። ሒሳብ መክፈት ግን ብድር ማግኘት አይደለም። የባንክ ብድር የቆመው በመያዣ፣ በተለይም በቤትና በተሽከርካሪ ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው ትልቁን ሀብቱን ሸጦ መለወጥ አይችልም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብት፣ ሰብልና ማሽን የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ተመዝግበው መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። በአንዳንድ ክልሎችም የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫን ይዞ መበደር ተጀምሯል።

ለደመወዝተኛው ጎላ ብሎ የታየው የቤት ብድር ነው። በ2005 ዓ.ም. የተጀመሩት የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 መርሐ ግብሮች ቁጠባን ከብድር ጋር አጣመሩ፤ ዜጋው ድርሻውን በንግድ ባንክ ቆጥቦ ቀሪውን በረጅም ጊዜ ብድር እንዲከፍል ታሰበ። ቤቱ እስኪደርስ ዓመታት የጠበቀው ቆጣቢ ግን ከተበዳሪነቱ በፊት አበዳሪ ነበር፤ ያስቀመጠው ገንዘብ በዋጋ ንረት ሲሸረሸር የቤቱ ዋጋ ወደ ላይ ሸሽቷል።

የባንክ ብድር ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2014 ዓ.ም. ግን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ቆጣቢው በየዓመቱ ይከስራል፤ በ15 ወይም በ18 በመቶ የተበደረው ደግሞ ከተበደረው ያነሰ ዋጋ ያለው ገንዘብ ይመልሳል። ስለዚህ «የባንክ ወለድ ከባድ ነው» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ብድሩን ለማግኘት የቻለውን ሰው ሁኔታ አይገልጽም። ከባዱ ነገር ብድሩን ማግኘት ነው። ብድር ያገኙት ጥቂቶች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ ቆጣቢዎች ወጪ ተደጉመዋል። በነሐሴ 2015 የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገደብ ዓላማው የዋጋ ንረቱን ማብረድ ነበር። ገደቡ በ2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደርጎ ነበር። ገደብ ሲኖር ባንክ ትልቁንና አስተማማኙን ደንበኛ ይመርጣል፤ ቤተሰብ ከሰልፉ ጀርባ ይቀራል።

የአነስተኛ ብድር ተስፋና ውጤት

መያዣ የሌለውን ድሃ ለመድረስ የታሰበው መንገድ በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 40 ሕጋዊ መልክ ያዘ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ደደቢት፣ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ እና ሌሎችም መያዣን በቡድን ዋስትና ተኩ፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ። የአማራው ተቋም በኋላ ፀደይ ባንክ፣ የኦሮሚያው ሲንቄ ባንክ ሆነዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች የተካሄደ ጥናት የተቋማቱን አገልግሎት በዕጣ በተመረጡ ቀበሌዎች አስፋፍቶ ውጤቱን ለካ። አሌሳንድሮ ታሮዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ውጤት ሁለት ነገር ይዟል። ብድር የወሰዱ ቤተሰቦች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ፤ በገቢ፣ በልጆች ትምህርትና በሴቶች የመወሰን አቅም ላይ ግን በአማካይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ተቺዎች ይህን «አነስተኛ ብድር ድህነትን አይፈታም» ብለው አነበቡት። ደጋፊዎች ደግሞ አማካይ ቁጥር የተጠቀመውንና የተጎዳውን ሰው አንድ ላይ ደምሮ ሁለቱንም እንደሚሰውር፣ ከክፉ ዓመት ያወጣ ብድርም በገቢ መለኪያ እንደማይታይ ይመልሳሉ። ሁለተኛው ክርክር ምክንያታዊ ቢሆንም ማስረጃውን አይሽረውም፤ ብድር ብቻውን ገቢ ያሳድጋል የሚለው ሰፊ ተስፋ አልተረጋገጠም።

የወለዱ አሰላልም እዚህ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። 12,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ተበድሮ በየወሩ 1,000 ብር ዋናውን የሚመልስ ሰው ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ 2,160 ብር፣ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ 1,170 ብር ይከፍላል። ሁለቱም ውል ላይ «18 በመቶ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የመጀመሪያው ግን ተበዳሪው በእጁ ካቆየው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር 33 በመቶ ገደማ ነው።

ስልክ ውስጥ የገባው ብድር

ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀመረ። በ2014 ከዳሽን ባንክ ጋር «መላ» የተባለውን ብድርና «እንደኪሴ» የተባለውን ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ አገልግሎት አቀረበ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ምቹ» ብሎ ያለ መያዣ ማበደር ጀመረ። አበዳሪው የሚያየው የደንበኛውን የገንዘብ ዝውውርና የአከፋፈል ታሪክ ነው፤ ቤት፣ ዋስና ደጅ ጥናት አይጠየቅም። ለቤተሰብ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በጉልት ለምትሸጥ እናትና ደመወዙ ከወር ወር ለማይደርስለት ሠራተኛ ከአራጣ ሌላ አማራጭ መጥቷል።

ዋጋው ግን በአብዛኛው በአገልግሎት ክፍያ መልክ ስለሚነገር ከባንክ ብድር ጋር ለማነጻጸር ያስቸግራል። 500 ብር ለአንድ ወር ወስዶ 40 ብር የሚከፍል ሰው በዓመት ሲሰላ 96 በመቶ ከፍሏል። እንዲህ ያለውን ቁጥር «አራጣ ነው» የሚሉ አሉ። «40 ብር መብራት ከሚቆረጥ ይሻላል» የሚሉም አሉ። የሚለያዩት በመለኪያው ነው። ለአንድ ጊዜ ችግር በብር የተነገረው ዋጋ ይበልጥ ትርጉም አለው፤ ብድሩን በየወሩ እያደሰ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ዓመታዊው መቶኛ እውነቱን ይናገራል። በሁለቱ ደንበኞች መካከል ያለውን ልዩነት የብድር ውሉ አያውቀውም።

ሌላው ችግር የትዳር ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳም የጋራ ዕዳ ነው። የስልክ ብድር የሚጠይቀው ግን የአንድ ሰው የሚስጥር ቁጥር ብቻ ነው። ዕዳው የጋራ የሚሆንበት ዕድል ሲኖር ስምምነቱ የግል ሆኖ ቀርቷል።

አራት አቋሞች

የመጀመሪያው አቋም ጣሪያ ይደረግ የሚል ነው፤ ደካማ ተበዳሪ በችግር ሰዓት አይደራደርምና። ከጎረቤት የተገኘው ማስረጃ ግን ጥንቃቄ ያስተምራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የባንክ ወለድን ገድባ በ2019 ገደቡን አነሣች፤ በዚያ ጊዜ ባንኮች ለትንንሽ ተበዳሪዎች ማበደር እንደቀነሱ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ራሱ ገልጿል። በእኛም ዘንድ የ12 በመቶው ጣሪያ አራጣን አላጠፋም፤ ወለዱን በሌላ ውል ውስጥ እንዲሸሸግ አደረገው።

ሁለተኛው አቋም አበዳሪዎች ይብዙ፣ ውድድር ዋጋውን ያወርደዋል ይላል። በመዳረስ ረገድ ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ የስልክ ብድር በጥቂት ዓመታት የሠራውን ቅርንጫፍ በአሥርት ዓመታት አልሠራውም። ነገር ግን ውድድር የሚሠራው ገዢው ዋጋን ከዋጋ ማነጻጸር ሲችል ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 የዲጂታል አበዳሪዎችን በፈቃድ ሥር ያስገባችው የተበዳሪን ስልክ ማውጫ ተጠቅመው ለዘመድና ለአለቃ እየደወሉ በሚያሸማቅቁ አበዳሪዎች ላይ ቅሬታው ከበዛ በኋላ ነው።

ሦስተኛው አቋም ከእምነት ይነሣል። ወለድን መራቅ ለሙስሊሙ ግዴታ በመሆኑ ብዙዎች ከባንክ ውጭ ቆይተዋል። ከወለድ ነፃ መስኮት በባንኮች ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ሙራባሃ በተባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። ተቺዎች ትርፉ ከወለድ ጋር እኩል ሲሆን ልዩነቱ ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ባንኩ የዕቃው ባለቤት ሆኖ ኃላፊነት መሸከሙና ዋጋው ከተወሰነ በኋላ አለመጨመሩ ነው። ለዚህ ዳሰሳ ጉዳይ የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ ተበዳሪው የመጨረሻውን ብር ከመፈረሙ በፊት ያውቃል።

አራተኛው አቋም ቁጠባ ይቅደም ይላል፤ የዕቁብና የማኅበራት መንገድ ነው። ቤተሰብን ከዕዳ ክምር ይጠብቃል። የዋጋ ንረት ከቁጠባ ወለድ በላይ እስካለ ድረስ ግን ትዕግሥተኛው ይቀጣል።

ያልተፈቱ ነጥቦች

አንደኛው የዋሱ ነገር ነው። በማኅበርም በቡድን ብድርም ትልቁን ሥጋት የሚሸከመው ብድሩን ያልበላው ሰው ነው። ሕጉ ዋስትና ከፍተኛው መጠን ካልተገለጸ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ሆኖም ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ዋስ ሆኖ የፈረመ ሰው ባለዕዳው ሳይጠየቅ በፊት ሊጠየቅ ይችላል። ብዙ ዋስ ይህን የሚያውቀው ደመወዙ መቆረጥ ሲጀምር ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቅናሹ በአንድ ጊዜ ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ መከልከሉ ቢያንስ ከዜሮ ያድነዋል።

ሁለተኛው የአሮጌ ቁጥሮች ጉዳይ ነው። በ1952 ለጽሑፍ ማስረጃ፣ በ1992 ለተጋቢዎች ስምምነት የተቀመጠው 500 ብር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የመግዛት አቅሙ እጅግ ወርዷል። በመጀመሪያ ትልልቅ ዕዳዎችን ለመለየት የተበጀ መስመር ዛሬ የሳምንት አስቤዛ እንኳ አይሸፍንም፤ ሁሉንም ስለሚነካም ማንም አይከተለውም። መስመሩ ከፍ ይበል ቢባል ደግሞ ለትንሽ ብድር የተጋቢዎች ጥበቃ ይቀራል፤ ትንንሾቹ ብድሮች ሲደራረቡ ትልቅ እንደሚሆኑ የስልኩ ዘመን አሳይቷል።

ሦስተኛው የመረጃ ክፍፍል ነው። ባንክ የባንክን፣ ስልኩ የስልክን ታሪክ ያያል፤ የዕቁብ፣ የዱቤና የዕድር ዕዳ በማንም መዝገብ የለም። ሃያ ዓመት ዕቁቧን ሳታጓድል የጣለች ሴት ለባንክ እንግዳ ናት። መዝገቡ ይቀላቀል የሚሉ ሰዎች ብድር እንደሚቀልላት ያምናሉ፤ የሚፈሩት ደግሞ የዕቁብ ጥንካሬ ከመዝጋቢ ዓይን ውጭ መሆኑ ነው ይላሉ። ሁለቱንም የሚያስታርቅ አሠራር ገና አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቅደም ተከተል ይወጣል። ጣሪያ ይደረግ ወይም አይደረግ ከማለት በፊት ማንኛውም ባለፈቃድ አበዳሪ ወለድ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ቅድመ ቁጠባና ቅጣት ተደምሮ ተበዳሪው በጠቅላላው ስንት ብር እንደሚመልስ፣ ያም በዓመት ስንት በመቶ እንደሚሆን ከፊርማው በላይ በአንድ መስመር እንዲጽፍ መገደድ አለበት። ይህ አራጣን አያጠፋም፤ ዕቁብንም አይነካም። ባንክ፣ የአነስተኛ ብድር ተቋም፣ ከወለድ ነፃ መስኮትና ስልክ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መለኪያ ይታያሉ። ጣሪያ ፈላጊውም ውድድር ፈላጊውም ክርክሩን ከዚያ በኋላ ቢቀጥል የሚከራከረው በተመሳሳይ ቁጥር ላይ ይሆናል።